የድርጅታችሁ ዳታ ቢጠፋ የሚመልስ ባክአፕ እንዴት ይዘረጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ አሥራ አምስት ሠራተኞች ያሉት አንድ አስመጪ ድርጅት እናስብ። ሂሳቡ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይሠራል። ፒችትሪው የተጫነው አካውንታንቷ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ነው። የመጋዘኑ ገቢና ወጪ በኤክሴል ይመዘገባል። የጉምሩክ ሰነዶች፣ ፕሮፎርማዎችና ውሎች ስካን ተደርገው ሼርድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል። የደንበኞች ስልክ ቁጥር ደግሞ ሽያጭ ክፍል ባለው ልጅ ሞባይል ላይ ነው። "ባክአፕ አላችሁ?" ብትሏቸው "አለን፣ ፍላሽ ላይ እንገለብጣለን" ይሏችኋል። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ነው።

ይህ ድርጅት ባክአፕ የለውም። ሌባ ቢገባ ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ያበላሻል። እሳት ቢነሳም እንዲሁ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ይከፈት አይከፈት ማንም ሞክሮት አያውቅም። ለእኔ ባክአፕ ማለት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ ተከፍቶ፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ በዓይን የታየ ቅጂ ነው። ይህ መመሪያ የሚያደርሰው እዚያ ድረስ ነው። የእናንተ ቢሮ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የሂሳብ ቢሮ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

1. ዳታችሁን ቁጠሩ

ሰኔ መጨረሻ ላይ የመጋዘን ዕቃ እንደምትቆጥሩት፣ ዳታንም እየዞራችሁ ቁጠሩ። ወረቀት ያዙና እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ ቆም በሉ። ምን ላይ ነው የሚሠሩት? ፋይሉ የሚቀመጠው የት ነው? ነገ ጠዋት ባይኖር ምን ያደርጋሉ? ብዙ ሰው "ዴስክቶፕ ላይ ነው" ይላል። ባክአፕ የሚደረገው ሼርድ ፎልደሩ ብቻ ከሆነ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሥራ በሙሉ ከጥበቃ ውጭ ነው ማለት ነው።

በቆጠራ ጊዜ የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቴሌግራም ነው። ስንት ድርጅት ነው ፕሮፎርማና የባንክ ስሊፕ በቴሌግራም እየተላላከ እዚያው የሚተወው! አካውንቱ የታሰረው በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነው። ያ ሰው ሥራ ከለቀቀ ፋይሉም አብሮት ሄደ ማለት ነው። ሁለተኛው አውትሉክ ውስጥ ያለ የቆየ ኢሜይል ነው። ሦስተኛው የሶፍትዌሩ መጫኛና ሲሪያል ቁጥሩ ነው። በአዲስ ቨርዥን የተሠራ የፒችትሪ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትም። ስለዚህ መጫኛው ከባክአፑ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት መጠኑን በጊጋባይት ጻፉ። ፒችትሪው ትልቅ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የሚይዘው ስካኑና ፎቶው ነው። ይህ ቁጥር ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚጫንበት ማስቀመጫ፣ ስንሄድ ያስፈልገናል።

2. ሁለት ጥያቄ ለባለቤቱ

እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ያለበት የአይቲ ባለሙያው ሳይሆን ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው። የመጀመሪያው፦ የስንት ጊዜ ሥራ ቢጠፋ እንደገና መሥራት እንችላለን? የአንድ ቀን? የአንድ ሳምንት? ሁለተኛው፦ ሲስተሙ ሳይሠራ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን መቆየት እንችላለን?

መልሱ ለሁሉም ዳታ አንድ ዓይነት አይሆንም። የፒችትሪው የአንድ ቀን ሥራ ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ እንደገና ሊገባ ይችላል። የአንድ ወሩ ግን መከራ ነው። ስለዚህ ለፒችትሪና ለመጋዘኑ ኤክሴል በየቀኑ፣ ለስካን ሰነዶች በየሳምንቱ ባክአፕ ይበቃል እንበል። የአምስት ዓመት ፎቶ በየቀኑ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው።

3. ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዳታው ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዋናው አንዱ ነው። ሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከቢሮው ውጭ ይደር። እኔ አንድ እጨምራለሁ፦ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከማንኛውም ኮምፒውተርና ኔትወርክ የተነቀለ ይሁን።

"ከቢሮው ውጭ" ሲባል ሌላ ክፍል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ኦቪኤች የተባለው ሰርቨር አከራይ ኩባንያ ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ዳታ ሴንተሩ ተቃጠለ። ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ባክአፕ ነበራቸው፤ ግን ባክአፑም እዚያው ስለነበር ከዋናው ጋር ጠፋ። የእኛ አስመጪ ሁለተኛውን ዲስክ ባለቤቱ ቤት፣ መጋዘኑ ሌላ ሰፈር ከሆነ ደግሞ መጋዘኑ ካዝና ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የተነቀለ ቅጂ ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ የሜርስክ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ይህን ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ መታው። ሜርስክ ኮምፒውተሮቹንና ተጠቃሚዎቹን የሚያስተዳድሩ ወደ 150 የሚጠጉ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። አንዱ የሌላው ባክአፕ እንዲሆን እርስ በርስ ይገለባበጡ ነበር። ሁሉም የተያያዙ ስለነበሩ ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ጋና ቢሮ ያለው። እሱም የተረፈው ቫይረሱ ሲሰራጭ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ኩባንያው ሲስተሙን መልሶ ያቆመው ከዚያ ሰርቨር ላይ በተገኘው ቅጂ ነው። ጋና ላይ በአጋጣሚ የሆነውን እናንተ ገመዱን እየነቀላችሁ በየሳምንቱ አስባችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

4. ዕቃ ስትገዙ

ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ሁለት ናቸው፣ አንድ አይደለም። መጠናቸው ከጠቅላላ ዳታችሁ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ የቆዩ ቅጂዎችም ቦታ ይፈልጋሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይሰካ ለሚቀመጥ ዳታ ከኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ከሌለው ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ይልቅ የተለመደው ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ብዙ ከቆየ ዳታው ሊጠፋ ይችላል።

ፍላሽን ዋና ባክአፕ አታድርጉት። በተለይ በርካሽ የሚሸጡትን "2 ቴራ" የተጻፈባቸውን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ትልቅ መስለው እንዲታዩ ተደርገዋል። ፋይል ስትገለብጡ ያለምንም ችግር የተገለበጠ ይመስላል። ስትከፍቱት ግን የለም። አዲስ ዲስክ ወይም ፍላሽ ስትገዙ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፈትሹት። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጽፎበት መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ቢሆንም ሻጩ ዕቃውን የሚቀይርላችሁ ጊዜ ሳያልፍ እውነቱን ታውቃላችሁ።

ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተር ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ፣ ይኑረው። መብራት ፋይል እየተጻፈ እያለ ሲጠፋ ዳታው ይበላሻል፤ የተበላሸውን ዳታ ባክአፕ ብታደርጉት ደግሞ ባክአፑም የተበላሸ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ስለሚደክም በየጊዜው ሶኬቱን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እዩ።

አንድ ማሳሰቢያ። ሁለት ዲስክ ያለው ሰርቨር ገዝታችሁ "አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ" የተባላችሁ ካላችሁ፣ ያ ሬይድ ነው። ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ይረዳል። ፋይል በስህተት ስትሰርዙ ግን ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። ስለዚህ ሬይድ ባክአፕን አይተካም።

5. የየዕለቱ ሥራ

ፒችትሪን ፎልደሩን በመገልበጥ ብቻ አትመኑት። ፕሮግራሙ ተከፍቶ እያለ የተገለበጠ ፎልደር ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሊሆን ይችላል። የራሱን ባክአፕ ተጠቀሙ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ሌሎች ተጠቃሚዎች በሙሉ ይውጡ። "ፋይል" የሚለውን ከፍታችሁ "ባክ አፕ" በሉ። የኩባንያው ስም በፋይሉ ስም ላይ እንዲገባ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። የሁለት ሦስት ድርጅት ሂሳብ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ትንሽ ሳጥን ከብዙ ግራ መጋባት ያድናችኋል።

የፋይሉ ስም ላይ ቀን ስትጽፉ አንድ የዘመን አቆጣጠር ምረጡና በእሱ ጽኑ። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ በጭንቅ ሰዓት መለየት አይቻልም። ዓመቱን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን፦ 2018-02-14። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የትላንቱን ፋይል ደግሞ በዛሬው አትተኩት። አዲስ ፋይል ይሁን።

ለቀሪው ኮምፒውተር ሰው ማስታወስ የማያስፈልገው መንገድ ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ፋይል ሂስትሪ ዶክመንትና ዴስክቶፕን ወደ ሌላ ዲስክ እየተከታተለ ይገለብጣል። ቪም ኤጀንት የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ቨርዥን አለው፤ ዊንዶውሱን ጨምሮ ሙሉ ኮምፒውተሩን ይቀዳል። ከሁሉ የወደድኩለት ነገር ቅጂው ሲያልቅ ኤክስተርናሉን ኢጀክት የሚያደርግ (ከኮምፒውተሩ የሚያላቅቅ) ምርጫ ያለው መሆኑ ነው። ሰው መንቀሉን ቢረሳ እንኳ ቫይረሱ ዲስኩን እንዲሁ በቀላሉ አያገኘውም።

ሁለቱን ዲስኮች "ሀ" እና "ለ" ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። በዚህ ሳምንት "ሀ" ቢሮ ከሆነ "ለ" ባለቤቱ ቤት ነው። ዓርብ ማታ "ሀ" ወደ ቤት ይሄዳል፤ ሰኞ ጠዋት "ለ" ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይገናኙ። ቢሮ ያለውም ቢሆን የሚሰካው ባክአፕ ሲደረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነቅሎ ካዝና ይገባል።

የቆየ ቅጂ እስከ መቼ ይቀመጥ? ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ አንዳንዴ ገብቶ ሳምንታት ሳይታወቅ ይቆያል። የተሳሳተ የሂሳብ ምዝገባም የሚገኘው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ብቻ መያዝ አይበቃም። የ7 ቀን፣ የ4 ሳምንትና የ12 ወር ቅጂ ይኑራችሁ። በተጨማሪ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲጠናቀቅ፣ ፒችትሪው ላይ ዓመቱን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ አንድ ቅጂ አውጡና ለብቻው አስቀምጡ። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶችን ቢያንስ ለ5 ዓመት መያዝን ይጠይቃል፤ የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ካስቀመጠ ረጅሙ ነው የሚወሰደው። ኦዲተር የሦስት ዓመቱን ዝርዝር ሲጠይቅ የምታወጡት ይህንን ቅጂ ነው።

6. ክላውድ፣ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት

መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራ። ስፒድ ቴስት አድርጉና "አፕሎድ" የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ዳውንሎዱን አይደለም። 4 ሜጋቢት ከሆነ 10 ጊጋባይት ለመጫን አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። 200 ጊጋባይት ደግሞ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ከ4 ቀን በላይ። ስለዚህ ሁሉንም ክላውድ ላይ ልጫን ማለት አያዋጣም። ትልቁ ዳታ በዲስክ ይሂድ። ፒችትሪው፣ ኤክሴሉና የወሩ ሰነዶች ግን ትንሽ ስለሆኑ ማታ ማታ ይጫኑ።

ጎግል ድራይቭና ዋንድራይቭ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተጭነው የሚሠሩት ሲንክ ነው። እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። ጎግል ድራይቭ ላይ የተሰረዘ ፋይል ትራሽ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ራንሰምዌር የቆለፈው ፋይልም እንደተቆለፈ ወደ ክላውዱ ይሄዳል። ስለዚህ የባክአፕ ፋይሉን የምትጭኑበት አካውንት ሠራተኞች በየቀኑ ከሚጠቀሙበት የተለየ ይሁን። የድርጅቱ ይሁን፤ የአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል አይሁን። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ይብራ፤ መጠባበቂያ ኮዶቹም ታትመው ካዝና ይግቡ።

ከቢሮ የሚወጣ ቅጂ በሙሉ ኢንክሪፕት ይደረግ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ይቆለፍ፤ ክላውዱም፣ ባለቤቱ ቦርሳ ውስጥ ያለው ዲስክም። የዊንዶውስ ፕሮ ተጠቃሚዎች ለዚህ የሚሆን ቢትሎከር አላችሁ። ሲያበሩት የሚሰጣችሁን ባለ48 አኃዝ ቁልፍ አትሙት። ዲስኩ ውስጥ ወይም ያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቁልፉም ይጠፋልና። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛና የሠራተኛ መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው። ታክሲ ውስጥ የተረሳ ክፍት ዲስክ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

7. መልሳችሁ ክፈቱት

ሌላውን ሁሉ ብታሳጥሩ ይህን ግን አትዝለሉት፤ እለምናችኋለሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የጊትላብ አንድ ኢንጂነር ሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው። ጊትላብ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው፤ በርካታ የባክአፕ መንገዶች ነበሩት። ሲፈልጉ ግን በየቀኑ ይወጣል የተባለው ባክአፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ቆይቷል። "አልተሳካም" የሚለው ኢሜይልም ወደ ሰዎቹ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት ያወጣው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ዳታ አጡ። እነሱን የገጠማቸው የእኛን አስመጪ የማይገጥምበት ምክንያት የለም።

ሙከራው እንዲህ ነው። በወር አንድ ቀን ምረጡ። ፒችትሪ ያለበት ሌላ ኮምፒውተር አዘጋጁ። ከካዝናው ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ውሰዱ፤ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ሳይሆን አንዳንዴ የሁለት ወሩን። "ፋይል" ከዚያ "ሪስቶር" በሉ። ነባሩን ኩባንያ ልተካ ወይስ አዲስ ኩባንያ ልፍጠር ብሎ ሲጠይቃችሁ አዲስ የሚለውን ምረጡ። ነባሩን ከመረጣችሁ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ተመልሶ ሲከፈት "ተከፈተ" ብላችሁ አትዝጉት። ሦስት ነገር እዩ። ትራያል ባላንሱ (የሂሳቦቹ ሁሉ ቀሪ ዝርዝር) ያን ቀን ከታተመው ጋር ይገጥማል? የባንክ ሂሳቡ ቀሪ ትክክል ነው? የመጨረሻው የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር ከጥራዙ ጋር አንድ ነው? ከስካን ፎልደሩ ደግሞ ከተለያየ ዓመት አንዳንድ ፋይል እያወጣችሁ ክፈቱ። ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁም ጻፉ። ባለቤቱ "ከግማሽ ቀን በላይ መቆም አንችልም" ብሎ ከሆነና ሙከራው ሁለት ቀን ከፈጀ፣ እቅዱ መለወጥ አለበት።

8. ኃላፊው ማነው?

"ሁላችንም እናደርገዋለን" የተባለ ባክአፕ አይደረግም። አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ እሱ በሌለበት የሚተካውም እንዲሁ። ግድግዳ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ለጥፉ፦ ቀን፣ የትኛው ዲስክ፣ የፋይሉ መጠን፣ ፊርማ። መጠኑን መጻፍ ጥቅም አለው። ትላንት 180 ሜጋባይት የነበረው ፋይል ዛሬ 3 ሜጋባይት ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሥራ አስኪያጁ በሳምንት አንድ ጊዜ ወረቀቱን ይይ። ፓስወርድና ቁልፎች በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጡ፤ የአይቲ ሠራተኛው ብቻ በቃሉ የሚያውቀው ነገር አይኑር።

9. የጠፋ ቀን

የራንሰምዌር ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፤ ዋይፋዩንም አጥፉ። ለሌሎቹ ኮምፒውተሮችም እንዲሁ አድርጉ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። የባክአፕ ዲስኩን ወደዚያ ኮምፒውተር ይዛችሁ አትሩጡ፤ በድንጋጤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የመጨረሻው ጤነኛ ቅጂም በዚያው ይቆለፋል። ገንዘብ ለመክፈል አትቸኩሉ፤ መክፈል ፋይላችሁን ለማግኘት ዋስትና አይሰጥም። ዩሮፖልና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ለአንዳንድ ዓይነቶች ነጻ መክፈቻ አለው።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሳል። ፋይል በስህተት ከተሰረዘ ደግሞ ያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር አትጻፉበት፤ ባክአፕ ባይኖር እንኳ የመመለስ ዕድል የሚኖረው ቦታው በሌላ ካልተሸፈነ ነው።

ከዚያ ንጹሕ ኮምፒውተር አዘጋጁ። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ የተጫነ ይሁን። የባክአፑን ቅጂ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ገልብጡና በግልባጩ ሥሩ፤ ዋናው ዲስክ ወደ ካዝናው ይመለስ። መጀመሪያ ፒችትሪው፣ ቀጥሎ የመጋዘኑ ኤክሴል፣ ስካኑ መጨረሻ ላይ። አካውንታንቷ ሦስቱን ቁጥሮች ካየች በኋላ ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ የተቆረጡትን ደረሰኞች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ታስገባ። ያ ሥራ እንዳለቀ፣ ማታውኑ፣ አዲስ ሙሉ ባክአፕ ይወሰድ፤ ወረቀቱ ላይም ይፈረም።